ሾፌሩን ባልሽን ግራ ወንበር ላይ አስቀምጪው

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎት ከለንደን ነው። የ33 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምሠራው በአረጋውያን መንከባከቢያ ነው። ባለቤቴ ሚኒካብ የሚባለውን የጥሪ ታክሲ ይነዳል። ከተጋባን አራት ዓመታችን ነው። ገና ስንተጫጭ ‹ስኮትላንድን ሙሉ በመኪና አሳይሻለሁ› ብሎኝ ነበር። ዘንድሮ ተሳክቶልን ዘጠኝ ቀን ፈቃድ አገኘን፤ ጳጉሜ 1 ተነስተን መስከረም 4 እንመለሳለን። ከሌሊት ሥራ ሲመለስ እየተቀመጠ ያወጣውን ዕቅድ ከዚህ ጋር ልኬልዎታለሁ። ከለንደን በሥራ መኪናው ኤድንብራ፣ ግላስጎ፣ ሎኽ ሎሞንድ፣ ግሌንኮ፣ ቤን ኔቪስ ተራራን መውጣት፣ ስካይ ደሴት፣ ኖርዝ ኮስት 500 የሚባለው መንገድ ሙሉው፣ ኢንቨርነስ፣ ሎኽ ኔስ፣ አበርዲን፣ ከዚያ ለንደን። ስምንት ሌሊት፣ ስምንት አልጋ።

እውነቱን ልንገርዎት፣ ፈርቻለሁ። አምና ዌልስ ሄደን ነበር። ካርታ የማየው እኔ ነበርኩ። አንድ መታጠፊያ አለፈንና ‹አንቺን ካርታ አንባቢ ብዬ!› አለኝ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ሳንነጋገር ሄድን። ከዚያ ጉዞ ትዝ የሚለኝ የዋይፐሩ ድምፅ ብቻ ነው። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ሁለት ዓመቴ ነው፤ አውቶማቲክ ብቻ። እሱ ግን መሪውን አይሰጠኝም። ‹ሥራዬ ነው፣ አንቺ አርፈሽ ተቀመጪ› ይላል። ይሄ ዕቅድ ይሆናል ወይ? ካልሆነስ ሳላስቀይመው እንዴት ልንገረው? ደግሞስ ጀበና ይዤ ብሄድ ሰው ይስቅብኛል?

የጳጉሜዋ መንገደኛ፣ ከለንደን»

እህቴ የጳጉሜዋ መንገደኛ፣

የጀበናውን ነገር ለመጨረሻ ላቆየው። መጀመሪያ ዕቅዱ።

አየሁት። ነዳጅ የሚቀዳበት ቦታ ሁሉ ቢጫ ተቀብቷል። ፎቶ የምትነሱበት ደቂቃ ሳይቀር ተቆጥሯል። «ግሌንኮ፦ 25 ደቂቃ» ይላል። ሳቄ መጣ። ወዲያው ደግሞ ሆዴ ባባ። ሌሊቱን ሙሉ ሰው ሲያመላልስ ያደረ ሰው፣ ጫማውን ሳያወልቅ ኮምፒውተር ፊት ቁጭ ብሎ ለሚስቱ መንገድ ሲቀይስ ታየኝ። ይሄ ሰው ይወድሻል። ይቺን ነገር ያዢልኝ፣ በኋላ እንፈልጋታለን።

ይሆናል ወይ ላልሽው ግን፣ አይሆንም።

ሒሳቡን እንየው። ከለንደን ኤድንብራ 640 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ቀና ቢሆንላችሁ እንኳ ሰባት ስምንት ሰዓት ይፈጃል። ደርሶ መልስ ስትይው ሁለት ቀን ሄደ። ኖርዝ ኮስት 500 ለብቻው 830 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከኢንቨርነስ ተነስቶ የሰሜኑን ጠረፍ ዞሮ እዚያው ይመለሳል። ብዙ ቦታ ላይ መንገዱ አንድ መኪና ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ባለቤትሽ በሁለት ቀን ሊጨርሰው አስቧል። ሰው ለሱ ብቻ ሳምንት ይመድባል። በዚያ ላይ አፕልክሮስ ወደምትባል መንደር የሚወስደው ቤላኽ ና ባ የሚባል መተላለፊያ አለ። ከባሕሩ ጠርዝ ተነስቶ እየተጠማዘዘ እስከ 626 ሜትር ይወጣል። መግቢያው ላይ ለለማማጅ ሹፌር እንደማይሆን የሚያስጠነቅቅ ትልቅ ሰሌዳ ቆሟል። ሊማሊሞን በሚኒባስ የወጣ ሰው «ይቺም መንገድ ተብላ» ይል ይሆናል። ይበል። ሊማሊሞንም ቢሆን በፕሮግራም ደቂቃ የጨረሰው የለም።

ስለዚህ ኖርዝ ኮስት 500 ይውጣ። አበርዲንም ትውጣ፣ አትቀየምም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ባለቤትሽ በሳምንት ስንት ቀን መሪ ይይዛል? ሲይዝስ እንዴት ነው የሚይዘው? ስልኩ እያዘዘው፣ ደቂቃ እየተቆጠረበት፣ ከኋላ የተቀመጠው ሰው ስንት ኮከብ ይሰጠኝ ይሆን እያለ። መታጠፊያ ካመለጠው ደንበኛ ይቆጣዋል። ዌልስ ላይ የጮኸብሽ ያ ሹፌር ነው። መኪና ውስጥ ከገባ ሥራ ገባ ማለት ነው። አንቺም ሳይታወቅሽ ደንበኛ ሆነሽ ቁጭ ትያለሽ፤ እሱ ያደርስሻል፣ አንቺ ትደርሻለሽ። ይሄን በስምንት አልጋ አባዝተሽ አስቢው።

ምክሬ አንድ ነው። ግራ ወንበር ላይ አስቀምጪው። መሪውን ግማሹን መንገድ አንቺ ያዢ። የስኮትላንድን ተራራና ሐይቅ የሚያየው ግራ የተቀመጠው ሰው ነው፤ የሚነዳው ሰው የሚያየው የፊቱን መኪና ቂጥ ነው። ያ ምስኪን ስንት ዓመት ሙሉ ሲነዳ ኖሮ በመኪና መስኮት ተደግፎ ሐይቅ አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

«ግን እሱ መች ይሰጠኛል?» ትይኛለሽ። የሚሰጥበትን መንገድ እናመቻች።

አንደኛ፣ የሥራ መኪናው ለንደን ይቅር። ሲያየው ሥራው ትዝ ይለዋል፤ ኢንሹራንሱም አንቺ እንድትነጂው የተገዛ አይደለም። ከኪንግስ ክሮስ ኤድንብራ በባቡር አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። አስቀድማችሁ ከቆረጣችሁ ዋጋው ይቀንሳል። ኤድንብራ ላይ ሁለት ሌሊት ያለ መኪና እደሩ፣ በሦስተኛው ቀን መኪና ተከራዩ። አውቶማቲክ ይሁን። ይሄን ዛሬውኑ እዘዙ፤ አውቶማቲክ ኪራይ መኪና ከማንዋሉ ቶሎ ነው የሚያልቀው። ስትከራዩ የሁለታችሁም ስም በሹፌርነት ይመዝገብ። ትንሽ ያስከፍላሉ፣ ክፈሉት። መኪናውን የምትመልሱት ግላስጎ ነው፤ ከዚያ በባቡር ለንደን። ሌላ ከተማ ለመመለስም ተጨማሪ ይጠይቃሉ፣ ግን አንድ ቀን ሙሉ ታተርፋላችሁ። ኪራይ መኪና ሌላም ጥቅም አለው። ግላስጎም ኤድንብራም መሀል ከተማቸው የቆየ መኪና አያስገቡም። ከ2015 መጨረሻ በፊት (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) የተሠራ ናፍጣ መኪና ይዞ የገባ አብዛኛውን ጊዜ 60 ፓውንድ ይቀጣል። የኪራዩ አዲስ ስለሆነ ይሄ አያሳስባችሁም።

መንገዱን እንዲህ ባደርገው ደስ ይለኛል፦ ኤድንብራ ሁለት ሌሊት፣ ግሌንኮ ሁለት፣ ስካይ ሁለት፣ ፎርት አውገስተስ አንድ፣ ግላስጎ አንድ። ስምንት ሌሊት፣ አምስት አልጋ።

ኤድንብራ ላይ ቤተ መንግሥቱንና የድሮውን ከተማ ማንም ያሳያችኋል። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ከአምባው መድፍ ሲተኮስ እንዳትደነግጡ፤ ከእሑድና ከጥቂት በዓላት በስተቀር በየቀኑ ይተኮሳል፣ ከ1861 ጀምሮ። እኔ ግን ሌላ ቦታ ልላካችሁ። ፕሪንሰስ ስትሪት የሚባለው ትልቁ መንገድ በምዕራብ ጫፉ ላይ ቅዱስ ዮሐንስ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። መቅደላ በ1868 ሲዘረፍ ከተወሰዱት ታቦቶች አንዱ እዚህ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ኖረ። ማንም ምን እንደሆነ አያውቅም ነበር። በ2001 አንድ የቤተ ክርስቲያኑ ካህን አየው። ኢትዮጵያን ያውቅ ስለነበር ምን እንደያዘ ገባው። «የእናንተ ነው፣ ውሰዱት» አሉ፣ ያለ ክርክር ያለ ጠበቃ። በ2002 አዲስ አበባ ሲገባ ሕዝቡ ነቅሎ ወጥቶ ነበር የተቀበለው። እኔ እዚያ ደጃፍ ስደርስ ዝናብ ነበር። አውቶቡስ ይመላለሳል፣ ሰው ሳንድዊች እየበላ ያልፋል። ዝም ብዬ ቆሜ ነጠላዬን ባመጣሁ ኖሮ አልኩ። ሌላ ምንም አላደረግኩም። ግን ከኤድንብራ የቀረችልኝ ያቺ ሩብ ሰዓት ናት።

በሦስተኛው ቀን፣ ማለትም ጳጉሜ 3፣ መኪናውን ተረክባችሁ ወደ ሰሜን ምዕራብ ነው። ከከተማ መውጫውን እሱ ይንዳ። ደስ ይለዋል፣ አንቺም አትጨናነቂም። አርባ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄዳችሁ ላርበርት የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ቱሪስት አይሄድባትም። እናንተ ግን ግቡ። ከአሮጌው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ የብረት ሐውልት ያለበት መቃብር አለ፤ ጄምስ ብሩስ እዚያ ነው ያረፈው። አዎ፣ የጎንደሩ ብሩስ። የዚያው አገር ልጅ ነው፣ በ1730 ኪኔርድ በሚባል ርስታቸው ተወለደ። በ1770 ጎንደር ገባ፤ እቴጌ ምንትዋብን አወቀ፣ ራስ ሚካኤል ስሑልን አወቀ፣ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ግሽ ዓባይ ደርሶ ከምንጩ ጠጣ። መጽሐፈ ሄኖክን ይዞ ወደ አውሮፓ የተመለሰው እሱ ነው። አገሩ ገብቶ ያየውን ቢናገር ለንደን ላይ ብዙዎቹ አላመኑትም፤ ጥሬ ሥጋ ይበላሉ ሲል «ቀጣፊ» አሉት። እኛ ብንሰማ ኖሮ እንመሰክርለት ነበር። አሟሟቱ ደግሞ ይገርማል። ያን ሁሉ በረሃና ጦርነት አልፎ የመጣ ሰው በ1794 ቤቱ እንግዳ ጋብዞ፣ አንዲትን ሴት ወደ ሠረገላዋ ሊሸኝ ሲጣደፍ ከገዛ ቤቱ ደረጃ ወድቆ ሞተ።

ለባለቤትሽ ይሄን ታሪክ ንገሪው። ቤቱ ደረጃ ላይ ከሚጣደፍ ሰው ጋር ሳይመሳሰል አይቀርም።

ከላርበርት በስተርሊንግ አድርጋችሁ፣ ካለንደርን አልፋችሁ፣ ከሰዓት በኋላ ግሌንኮ ትደርሳላችሁ። ካለንደር ላይ ሻይ ጠጡና መሪውን ተረከቢ። መንገዱ ሰፊ ነው፣ ቀስ እያለ ነው ተራራው የሚመጣው። ራኖኽ ሙር የሚባለው ረግረግ ሜዳ ላይ ስትወጪ ቤት የለም፣ ዛፍ የለም፣ ውሃና ድንጋይ ብቻ። ከዚያ ሜዳው ያልቅና መንገዱ ሁለት ተራራ መሀል ይገባል። ያን ጊዜ ባልሽ ዝም ይላል። የዌልሱ ዓይነት ዝምታ አይደለም፣ አትስጊ።

ጳጉሜ 3 ሩፋኤል መሆኑን አትርሺ። ልጅ ሆነን በሩፋኤል ዝናብ «ሩፋኤል አሳድገኝ» እያልን ራቁታችንን የምንሮጠው። ግሌንኮ ደግሞ ብሪታንያ ውስጥ ዝናብ ከሚበዛባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ጸበሉ በሽ በሽ ነው። ወጥተሽ ፊትሽን ስጪው፣ ማንም አያይሽም።

ስለ ግሌንኮ አንድ ነገር ልንገርሽና እንለፍ። በ1692 የካቲት ላይ የመንግሥት ወታደሮች መጥተው እዚህ ሸለቆ የሚኖሩት የማክዶናልድ ጎሳ ሰዎች ቤት አረፉ። በበረዶ ወቅት ነው፣ እንግዳ አይመለስም። ሁለት ሳምንት ለሚጠጋ ጊዜ አብረው በሉ፣ አብረው ጠጡ። ከዚያ አንድ ሌሊት ሊነጋጋ ሲል ትእዛዝ መጣና አስተናጋጆቻቸውን ገደሉ። 38 ያህል ሰው። ከሸሹትም ብርዱ የፈጃቸው አሉ። እነሱ እስከ ዛሬ የማይረሱት የሟቹን ብዛት አይደለም፤ ከዚያ የበለጠ የሞተበት ጦርነት ሞልቷቸዋል። የማይረሱት እንግድነቱን ነው። እኛ የበላበትን ወጪት ሰባሪ የምንለው ማለት ነው። ወታደሮቹን ይመራ የነበረው የካምቤል ወገን ስለነበር እዚያው ያለ አንድ የታወቀ መጠጥ ቤት በሩ ላይ «ካምቤል መግባት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ አለው። አሁን ቀልድ ነው። ግን ሦስት መቶ ዓመት አልፎት ቀልድ የሆነ ነገር ነው።

ቤን ኔቪስ? ቁመቱ 1,345 ሜትር ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ይሄን ሲሰማ ይስቃል፤ አዲስ አበባ ራሷ ከዚያ በሺህ ሜትር ትበልጣለች። ግን ከባሕር ጠለል ነው የምትነሱት፤ ሙሉውን በእግር ነው። ደርሶ መልስ ቀን ሙሉ ይፈጃል፣ ጫፉም አብዛኛውን ጊዜ ደመና ነው። ሌሊት ሌሊት ሠርቶ የመጣ ሰውና አረጋውያን ስታነሺ የከረምሽ ሴት፣ ለምን? ከሥር ሆናችሁ እዩት፣ በቃ። ይልቅ ከግሌንኮ መንደር ወጣ ብላ ያለች ትንሽ ኩሬ አለች፣ ግሌንኮ ሎኸን ትባላለች። ዙሪያዋን መዞር ቀላል ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሎርድ ስትራትኮና የሚባል ሀብታም ነው ያሠራት። ሚስቱ ኢዛቤላ የካናዳ ልጅ ነበረች። አገሯ ናፈቃት። እሱም የአገሯን ዛፎች አምጥቶ እኩሬዋ ዳር ተከለላት፣ ካናዳን እንዲመስላት። አልሆነም፤ ናፍቆቷ አልበረደም ይባላል፣ ተመልሰው ሄዱ። ዛፎቹ ግን አሉ። ትልልቅ ሆነዋል። ስደት ላይ ያሉ ባልና ሚስት እዚያ ዛፍ ሥር ቁጭ ብለው ምን እንደሚያወሩ እኔ አልነግርሽም።

(ሚጅ የምትባል ትንኝ አለች። ለዓይን እንኳ በደንብ አትታይም፣ ግን በመንጋ ነው የምትመጣው። መስከረም ሲቃረብ ትቀንሳለች፣ ሙሉ በሙሉ ግን አትጠፋም። ነፋስ ካለ አትበርም። ጸጥ ባለ ምሽት ውሃ ዳር ከተቀመጣችሁ ራት ትሆኑላታላችሁ። መከላከያ ቅባቱን ግዙ።)

ስካይ ደሴት ነው፣ ግን ድልድይ አለው፤ ከ1995 ጀምሮ። ማለፊያ አይከፈልበትም። ከግሌንኮ ፖርትሪ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ፎርት ዊሊያም ላይ ነዳጅ ሙሉ፤ እየራቃችሁ ስትሄዱ ማደያው ይርቃል፣ ዋጋውም ይወደዳል። የስልክ መስመርም ይጠፋል፣ ካርታውን ቀድማችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱት። ከሁሉ በፊት ቡክ የምታደርጉት የስካይን አልጋ ይሁን። እዚያ «ደርሰን እንፈልጋለን» አይሠራም።

ጠባቡ መንገድ እዚህ አለ። አንድ መኪና ያሳልፋል፤ በየተወሰነ ርቀት ለመተላለፊያ ተብላ ትንሽ ጎድ ያለች ቦታ አለች፣ «ፓሲንግ ፕሌስ» የሚል ሰሌዳ አላት። ከፊት መኪና ሲመጣ፣ በግራሽ ካለች ትገቢባታለሽ። በቀኝሽ ከሆነች አትሻገሪም፤ ትይዩዋ ላይ ቆመሽ የሚመጣው እንዲገባባት ትጠብቂያለሽ። ከኋላ የቸኮለ ከመጣም አሳልፊው። ፎቶ ለመነሳት አትቁሙባት፣ የአገሬው ሰው በጣም ነው የሚናደደው። ሲተላለፉ ሁሉም አንድ ጣት ከመሪው ላይ አንሥቶ ያመሰግናል። ባለቤትሽ ይቺን ጣት ይወዳታል። ለንደን ላይ ከመኪና መስኮት የሚታየው ጣት ሌላ ነው።

ይሄን ሁሉ የማውቀው በባለቤቴ ነው። የዛሬ 12 ዓመት ስካይ ላይ ኪራንግ ከሚባለው ተራራ ቁልቁል እየወረድን ከአንድ ቫን ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ ገጠምን። የእኔው ጌታ «ቀድሜ የገባሁት እኔ ነኝ» ብሎ ሞተር አጠፋ። ሰውየውም ሞተር አጠፋ። መሀላችን አንድ በግ ቆሞ ሣር ይበላል። ከኋላችን አንድ ሽማግሌ በትራክተር መጡ። ጥሩምባ አልነፉም፣ አልተሳደቡም። ቴርሞሳቸውን አወጡና ሻይ ቀዱ። እኔ ኀፍረቱ አላስችል አለኝ። ወርጄ ከኋላ ቆምኩና እንደ ሜክሲኮ ወያላ «ና! ና! ና! በቀኝህ ስበረው! በቃ!» እያልኩ አርባ ሜትር ያህል ወደ ኋላ መለስኩት። ሽማግሌው ትራክተራቸውን ሣሩ ላይ አውጥተው አሳለፉን። ሲያልፉን ለእኔ ነው ጣታቸውን ያነሡት። ለባለቤቴ አላነሡም። ማታ ፖርትሪ ላይ ዓሣ እየበላን «ወያላዬ» አለኝ። እስከ ዛሬ ስልኩ ላይ ስሜ እንደዚያ ነው።

መስከረም 1 ጠዋት ስካይ ላይ ትነቃላችሁ። ያን ቀን ባዶ ተዉት። የምለምንሽ ይሄን ነው፤ ዕቅዱ ላይ ምንም አይጻፍበት። ዘነበ ተኙ፣ ካልዘነበ ኦልድ ማን ኦቭ ስቶር የሚባለው ቆሞ የቀረ ድንጋይ ድረስ ውጡ። አደይ አታገኚም፤ ኮረብታው ላይ ግን ሄዘር የሚሉት ወይን ጠጅ አበባ የደረሰበት ወቅት ነው።

ሎኽ ኔስ ላይ ብዙ አልልም። ያ ጭራቅ የለም። ውሃው ግን አለ፤ የእንግሊዝና የዌልስ ሐይቆች ሁሉ ተደምረው እሱ የያዘውን ያህል ውሃ አይይዙም። ፎርት አውገስተስ እደሩና ቦዩ ላይ ጀልባዎቹ በአምስት ደረጃ የውሃ በር እየተከፈተላቸው ሲወጡና ሲወርዱ ተመልከቱ። ነጻ ነው። «ሎኽ» ሐይቅ ማለት ነው፤ ቃሉንም ተለማመዱት። እንግሊዞቹ «ሎክ» ነው የሚሉት፤ አገሬው ከጉሮሮው አውጥቶ «ሎኽ» ይላል። ትግርኛ የምትችሉ ከሆነ ኸ እንዴት እንደምትወጣ ማንም አያስተምራችሁም።

ከዚያ በሎኽ ሎሞንድ ዳር ወደ ግላስጎ። የሐይቁ ሰሜናዊ ክፍል ላይ መንገዱ ጠባብ ነው፣ አውቶቡስ ይበዛበታል። እዚያች ጋ እሱ ይንዳ። ግላስጎ ለአንድ ማታ ይበቃል። ኬልቪንግሮቭ ሙዚየም በነጻ ነው። መሀል ከተማ ላይ ፈረስ የተቀመጠ የጦር ጄኔራል ሐውልት አለ፣ ጭንቅላቱ ላይ የትራፊክ ኮን ደፍተውበታል። ማዘጋጃ ቤቱ ሲያወርድ፣ ሕዝቡ ሲመልስ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ተሸነፈ። ሃጊስም ቅመሱ። የበግ ልብ፣ ጉበትና ሳንባ ተከትፎ በአጃና በሽንኩርት የሚሠራ ነው። የዱለት ዘመድ በይው፣ ሚጥሚጣው የጎደለበት። ዓርብ ከሆነ ያለ ሥጋ የሚሠራም አለ። የሚነዳው ሰው ግን መጠጥ አይቅመስ። ስኮትላንድ ላይ ለሹፌር የተፈቀደው የአልኮል መጠን ከእንግሊዝ ያነሰ ነው፤ ለንደን ላይ ያለፈ ሰው እዚያ ይያዛል።

እንዴት ልንገረው ላልሽው። ከሌሊት ሥራ ሲገባ አትንገሪው። ሲነዳማ ጭራሽ። ዕረፍቱ ቀን ጠብቂ፣ ዕቅዱን አትመሽ አምጪው፣ አጠገቡ ቁጭ በይ። «አይሆንም» ብለሽ አትጀምሪ። ቅድም ያዢልኝ ያልኩሽን አሁን አውጪው፤ ይሄን ሁሉ ለእኔ ብለህ እንደሠራኸው አይቻለሁ በይው። ከዚያ «አንተም እኮ ስኮትላንድን አላየሃትም። መሪ ይዘህ ደግሞ አታያትም። ግማሹን እኔ ልንዳልህ» በይው። «ልንዳልህ» የምትለዋን ቃል አትለውጫት። «እኔም መንዳት እችላለሁ» ካልሽው ክርክር ነው። «ልንዳልህ» ግን ስጦታ ናት፤ ስጦታ መመለስ ደግሞ ይከብዳል። የሚሰረዘውን እሱ ራሱ ይሰርዝ፣ እስክሪብቶውን ስጪው። ሁለት «ሳላይ አልመለስም» የሚላቸውን ቦታዎች ይምረጥ፣ እነሱ አይነኩበትም። ከእኔ ዝርዝርም የፈለገውን ይጣል። የብሩስን መቃብር ከጣለ ግን አዝናለሁ።

ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ሁለት እሑድ ከለንደን ወጣ ብላችሁ ተለማመዱ። መጀመሪያ ግራ ተቀምጦ በሌለ ፍሬን ላይ እግሩን ይረግጣል። ጣሪያው ላይ ያለችውን እጀታ ይጨብጣል። አትሳቂበት። «ቁም»፣ «ግራ»፣ «ቀኝ»፤ እነዚህን ሦስት ቃላት ብቻ ፍቀጂለት። አንቺ ካርታ ስታዪም ሕጉ ያው ነው። ያለፈ መታጠፊያ አለፈ፤ ባለፋችሁበት መንገድ የመጀመሪያው ሻይ ቤት ገብታችሁ ትጠጣላችሁ፣ ከፋዩ በተራ ነው።

አሻፈረኝ ካለስ? ጨርሶ ካልሰጠሽ ሂጂ፣ አምስቱን አልጋ ብቻ አስፈቅጂና ሂጂ። ግን ያን ጊዜ ሌላ ደብዳቤ ጻፊልኝ፤ እሱ የመኪና ጉዳይ አይሆንም።

ጀበናውን ያዢ። ማን ይስቃል? ስካይ ላይ ወጥ ቤት ያለው ጎጆ ነገር ተከራዩ እንጂ ሆቴል አትያዙ፤ ለእንቁጣጣሽ ጠዋት ነው። ጀበናውን ሹራብ ውስጥ ጠቅልይው፣ ሲኒ ሁለት ይበቃል። ቡናውን ግን ለንደን ቆልተሽ ሂጂ። አንዲት ወዳጄ እዚያው አገር ጎጆ ውስጥ ልቁላ ብላ የጭስ ማንቂያው ጮኸ። የቤቱ ባለቤት ውሻቸውን አስከትለው እየሮጡ መጡ። አስረድታ፣ ይቅርታ ጠይቃ፣ «እንግዲህ ከመጡ ይቀመጡ» አለቻቸው። ሦስተኛውን ሲኒ ፍለጋ ነው የተቸገረችው። አሁን ሳስበው፣ ሲኒውን ሦስት አድርጊው።